መሬቱ የሕዝብ ከሆነ ካርታው የማን ነው?

ወገኔ፣ እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ባለፈው የድንበር ጉዳይ ተነሥቶ ኮሜንት ሥር ገብተህ ስትሟገት የለጠፍከው ካርታ ከየት የመጣ ነው? ከጉግል ላይ በስክሪንሹት ያነሳኸው ነው። አንቺስ እህቴ፣ ፕሮፋይልሽ ላይ ያለውን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የተቀባ የኢትዮጵያ ካርታ ማን ሠራው? አንድ የማናውቀው ሰው ሠርቶ በነፃ ኢንተርኔት ላይ ለቆት ነው ያገኘሽው። ሁላችንም እንዲሁ ነን።

አሁን ሁለተኛውን ልጠይቅ። መንግሥታችን ሀገሪቱን ለክቶ፣ ከአውሮፕላን ፎቶ አንስቶ፣ ወንዙንና ተራራውን፣ መንደሩንና ገበያውን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና መስጊዱን በየስሙ ጽፎ ያዘጋጀው ካርታ አለው ወይስ የለውም? አለው! በ1፡50,000 መስፈርት የተሠራ፣ አንድ ሴንቲሜትሩ መሬት ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሆነ፣ ያያትህን መንደር በስሟ የሚጠራ ካርታ አለው። ታዲያ አይተኸዋል? ስልክህ ላይ አለ? የትምህርት ቤትህ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያውቃል? አይመስለኝም።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ነው። ረዘም ይላል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብበው። ስለ ሀገር ፍቅር ብዙ እናወራለን። የምንወደውን መሬት ካርታ ግን ከባዕድ ተበድረን ነው የምናየው። ይሄ ነገር ሊያሳፍረን ይገባል። ከማፈርም አልፈን ልንጠይቅበት ይገባል።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር።

ካርታና ዳታ ሲባል የቢሮ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ብቻ እንዳይመስልህ። የየጣቢያው የዕለት ዝናብ መጠን ዳታ ነው። የወንዙ ፍሰት ዳታ ነው። የማሳህ አፈር ውስጥ ምን ንጥረ ነገር እንደጎደለ የሚያሳየው ዳታ ነው። የቀበሌህ ወሰን፣ የከርሰ ምድር ውሃው፣ የትኛው ተዳፋት ለመንሸራተት እንደተጋለጠ የሚናገረው ሁሉ ዳታ ነው። ይህን ሁሉ የሚሰበስቡት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ናቸው። የሚሰበስቡት ደግሞ ቡና ከሚሸጠው ገበሬ፣ ሱቅ ከከፈተው ነጋዴ፣ ደመወዙ ገና እጁ ሳይገባ ግብር ከሚቆረጥበት አስተማሪ በተገኘ ብር ነው።

ከዚያስ? ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጥናት የሞከረ ሁሉ ከዚያ በኋላ ያለውን ያውቀዋል። ሦስት በር አለው። አንደኛው በር የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው በር ክፍያ ነው። ሦስተኛው በር ፊርማ ነው፦ «የተሰጠኝን መረጃ ለሌላ ለማንም አላስተላልፍም»። ለምን ስትል «የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው፣ የቅጂ መብት አለው» ይሉሃል። ደብዳቤ የሚጽፍልህ ተቋም ከሌለህ ደግሞ ከመጀመሪያው በር አታልፍም። ተመርቆ ሥራ ያላገኘ ልጅ ማን ደብዳቤ ይጽፍለታል? ገበሬውስ ከማን ያጽፋል?

እኔ ራሴ ለመመረቂያ ጽሑፌ የአንድ ወረዳ የዝናብ መረጃ ፈልጌ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። መጀመሪያ የደብዳቤው ማኅተም ደብዝዟል ተብዬ ተመለስኩ። ሁለተኛ ስሄድ ባለሙያው ስብሰባ ገብቷል። ሦስተኛ ስሄድ ከፈልኩ፣ ፈረምኩ፣ ፋይሉን በፍላሽ ወሰድኩ። በዓመቱ አንድ ታናሼ ተማሪ በዚያው ወረዳ ላይ ሊሠራ መጣና «እባክህ አንተ ጋ ያለውን ስጠኝ» አለኝ። ፈርሜያለሁና አልሰጠሁትም። እሱም እንደ እኔ ደብዳቤ አጽፎ፣ ተመላልሶ፣ ከፍሎ ያንኑ ፋይል ወሰደ። አንድ ዝናብ ስንት ጊዜ ይሸጣል? ዝናቡ የወረደው አንድ ጊዜ ነው፣ የለካው ሰው ደመወዝ የተከፈለው አንድ ጊዜ ነው። የሚያስከፍለን ግን በተማሪ ቁጥር ልክ ነው።

«ሕጉ ነው ምን ታደርገዋለህ» ትለኝ ይሆናል። እስቲ ሕጉን አብረን እናንብብ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። በዚህ አንቀጽ የሚስማማም የማይስማማም አለ፣ ክርክሩ ለሌላ ቀን ይቆየን። ግን መሬቱ የሕዝብ ነው እስከተባለ ድረስ የመሬቱ ካርታ በምን ሒሳብ ነው ከሕዝብ የሚደበቀው? ላሚቱ የኔ ናት ተብዬ ወተቱን እንዴት ነው የምገዛው?

ይኸው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት መብት አለህ ይላል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መብቱን ዘርዝሮ አስቀምጦታል። ማንኛውም ሰው የመንግሥት አካል የያዘውን መረጃ መጠየቅና ማግኘት ይችላል። የተጠየቀው አካል በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የሚከለከሉት ተለይተው ተዘርዝረዋል፤ መከላከያና ደኅንነት፣ የግለሰብ ምስጢርና መሰል ጉዳዮች። ልብ በል! ደንቡ መክፈት ነው፣ መዝጋት ከደንቡ ውጪ የሚደረግ ነው። ቢሮዎቻችን ግን ገልብጠው ይሠሩበታል። መዝጋት ደንብ ሆኖ መክፈት ውለታ ሆኗል።

አሁን ወደ ቅጂ መብቱ እንምጣ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በዚህ አዋጅ ካርታ የቅጂ መብት ጥበቃ ከሚያገኙ ሥራዎች አንዱ ነው። እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ያው አዋጅ በአንቀጽ 5 ጥበቃ የማይደረግላቸውን ነገሮች ሲዘረዝር እንዲሁ ያለ ዳታንና በሥራ ላይ የሚውሉ የቁጥር ሠንጠረዦችን ጠቅሷል። የሕግና የአስተዳደር ይፋዊ ጽሑፎችም ጥበቃ የላቸውም። እንግዲህ «ማክሰኞ 14 ሚሊ ሜትር ዘነበ» የሚል ቁጥር የማን ድርሰት ነው? የጭላሎ ተራራ ከፍታስ የማን ፈጠራ ነው? ማንም አልደረሰውም፤ የእግዜር ሥራ ነው! ቁጥሩን በቅጂ መብት ስም የሚዘጋብህ ሰው ሕጉ ያልሰጠውን ሥልጣን ነው የሚጠቀመው።

ካርታውም ቢሆን፣ ሥዕሉ የቅጂ መብት አለው እንበል። የቅጂ መብት የተሠራው ለምንድን ነው? ደራሲው፣ ዘፋኙ፣ ሠዓሊው ደክሞ የሠራውን ሌላው ነጥቆት በረሃብ እንዳይሞት ነው። የመንግሥት ካርታ ሠሪ ግን ደመወዙን ከኛ ተቀብሏል። መሣሪያውም፣ መኪናውም፣ ውሎ አበሉም ከኛ ኪስ ነው የወጣው። ስለዚህ መብቱን የያዘው መንግሥት በኛ ስም ነው የያዘው። ባለመብት ደግሞ ፈቃድ መስጠት ይችላል። አንድ መስመር ይበቃል፦ «ማንኛውም ሰው ምንጩን ጠቅሶ መጠቀም፣ መቅዳትና ማሰራጨት ይችላል»። ይህችን አንድ መስመር መጻፍ በጀት አይጠይቅም፣ ውጪ ምንዛሪም አይጠይቅም።

አሁን ደሙን ወደሚያፈላው ነገር ልውሰድህ። እኛ ያላገኘነውን ማን እንዳገኘው ታውቃለህ?

ሕዳሴ ግድባችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። ቦንድ ገዝተናል፣ በስልክ መልእክት ብር ልከናል፣ አልቅሰንም ጨፍረንም አይተነዋል። የዓባይን ተፋሰስ መጀመሪያ በሰፊው ያጠናው ግን ማን ነው? ከኢትዮጵያ ጋር በተደረገ ስምምነት የአሜሪካ የመልሶ ማልማት ቢሮ ነው። ዓመታት ከፈጀ ጥናት በኋላ በ1964 እ.ኤ.አ. ሪፖርቱን አወጣ። ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያ፣ እና ከድንበሩ አጠገብ ያለው ቦታ በዚያ ሪፖርት ላይ ተሠፍረዋል፤ ዛሬ ሕዳሴ የቆመው በዚያ የድንበር ቦታ አካባቢ ነው። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ ሠራተኞች በሥራቸው ያዘጋጁትን ሥራ የቅጂ መብት አይሰጠውም። የሕዝብ ነው ይላል። ስለዚህ የዓባይ ጥናት ለካይሮ ተመራማሪም ለካርቱም ተማሪም ክፍት ነው። ባዕድ በሠራው ጥናት ላይ አንተም መብት አለህ። የራስህ መሥሪያ ቤት በለካው የዓባይ ገባር ላይ ግን ደብዳቤ አምጣ ትባላለህ። ይሄ ምን ይባላል?

ሌላም ልጨምርልህ። በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ኢንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር በ11 ቀን የዓለምን አብዛኛውን የመሬት ከፍታ በራዳር ለካች። ራስ ዳሸንም፣ ጉናም፣ ባሌም፣ ደንከልም ተለኩ። በ30 ሜትር ጥራት የተዘጋጀው ዳታ ለረጅም ጊዜ ለአሜሪካ ምድር ብቻ ነበር ለሕዝብ የተለቀቀው፤ ለኛ የተፈቀደልን በ90 ሜትር የደበዘዘው ነበር። በመስከረም 2014 እ.ኤ.አ. ዋይት ሐውስ የ30 ሜትሩን ለዓለም እከፍታለሁ አለ፣ ከአፍሪካም ጀመረ። ዛሬ በሀገራችን መንገድ፣ ግድብና መስኖ የሚያጠና ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚያወርደው ይህንኑ ነው። የተራራችንን ቁመት የምናውቀው ዋሽንግተን ስለፈቀደች ነው ማለት ነው። አሜሪካ ነገ ሐሳቧን ብትቀይርስ?

እኔም የዝናብ መረጃዬ ክፍተት ሲበዛበት የሞላሁት ከአሜሪካ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ባለሙያዎች ከአሜሪካ የጂኦሎጂ ሰርቬይ ጋር ሆነው ቺርፕስ የሚባል የዝናብ ዳታ አዘጋጅተዋል፤ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው በነፃ ይገኛል። ደብዳቤ የለም፣ ማኅተም የለም፣ «ነገ ተመለስ» የለም። አንድ ሌሊት በካምፓስ ዋይፋይ አወረድኩት። የወረዳዬን ዝናብ ከካሊፎርኒያ! ደስም አለኝ፣ አንገቴንም ደፋሁ።

የካርታ ነገር ደግሞ ለኛ ለኢትዮጵያውያን ቀልድ አይደለም። ዓድዋን አስታውስ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጄኔራል አልበርቶኔ ብርጌዱን ይዞ በሌሊት ሲገሰግስ በእጁ የነበረው ረቂቅ ካርታ ኪዳነ ምሕረት የሚባለውን ኮረብታ በተሳሳተ ቦታ ላይ አስቀምጦት ነበር። ካርታው «እዚህ ነው» ያለው ቦታ ሲደርስ መንገድ መሪዎቹ ትክክለኛው ኪዳነ ምሕረት ገና ከፊት መሆኑን ነገሩት። ቀጠለ፣ ከሌሎቹ ብርጌዶች ተነጠለ፣ የአባቶቻችን ጦር እጅ ውስጥ ብቻውን ገባ። ጣሊያን የተሸነፈው በዚህ ብቻ ነው አልልም፤ የጀግኖቻችንን ደም ለካርታ ስሕተት አሳልፌ አልሰጥም። ግን መሬቱን የሚያውቅ ሰው እንዴት እንደሚያሸንፍ ከዚህ በላይ ምስክር የለም። አባቶቻችን ካርታው እግራቸው ውስጥ ነበር። እኛ ከተማ የበቀልነው ልጆች በእግራችን አናውቀውም፣ በወረቀትም አላየነውም። ታዲያ በምን ልናውቀው ነው?

የሱዳንን ድንበር ውሰድ። ውሉ በ1902 እ.ኤ.አ. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል ተፈረመ። በተከታዩ ዓመት ሜጀር ቻርልስ ጉዊን የሚባል የእንግሊዝ መኮንን የኢትዮጵያ ተወካይ አብሮት ሳይቆም መሬት ላይ ምልክት አደረገ። ስንከራከርበት የኖርነው እሱን ነው። ስለዚህ ጉዳይ አንድ ወጣት የራሱን ሀገር ማስረጃ ይዞ ልጻፍ ቢል የራሱ መንግሥት ካርታ የትኛው ድረ ገጽ ላይ ተቀምጦለታል? በስሜት የሚጮህ ወጣት ሞልቶናል። በማስረጃ የሚሟገት ወጣት ከፈለግን ማስረጃውን መስጠት አለብን። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። የአጥሩን ልክ የማያውቅ ባለቤት ደግሞ ለመናቅ የተመቸ ነው።

ግን ነገሩ የድንበር ብቻ አይደለም፣ የሕይወት ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጎፋ ላይ የሆነውን ታስታውሳለህ። መሬት ተንሸራትቶ ሰው ቀበረ። የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡትን ደግሞ ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው። ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። ካርታ ቢከፈት ኖሮ ይተርፉ ነበር ብዬ በሙታን ላይ አልነግድም። የምለው ይህን ነው፤ የትኛው ተዳፋት አደገኛ እንደሆነ የሚያሳይ ጥናት በየትኛውም መሥሪያ ቤት ካለ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ከተዳፋቱ ሥር የሚያድረው ሰው ነው። ከሱ በፊት የኮንፈረንስ ተሳታፊ ሊያየው አይገባም። የቀበሌው አስተማሪ፣ ቄሱ፣ ሼኩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስልካቸው ላይ ሊያዩት ይገባል።

የአፈሩን ነገር ተመልከት። ከአሥር ዓመት በፊት በየክልሉ ከገበሬ ማሳ አፈር እየተዛቀ የአፈር ለምነት ካርታ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ገበሬው ለዘመናት የለመደው ዳፕ ቀርቶ ኤንፒኤስ መጣ። ሥራው ትልቅ ሥራ ነው፣ ባለሙያዎቹ ሊመሰገኑ ይገባል። ግን አፈሩን የሰጠው ገበሬ ውጤቱን አየው? በማሳው ላይ ምን እንደጎደለ ተነገረው? ማዳበሪያ ሲቀየርበት ምክንያቱን በካርታ ያሳየው አለ? በኋላ ግብርና ሚኒስቴር የአፈር መረጃ የሚሰበሰብበትንና የሚጋራበትን መመሪያ አውጥቷል። ይሄ ጥሩ ጅምር ነው፣ እናደንቃለን። ሲፈልጉ መክፈት እንደሚቻል ማሳያ ነውና ሌሎቹም መሥሪያ ቤቶች ይከተሉ።

አሁን «ግን እኮ...» የሚሉትን ልስማ።

«ግን እኮ የደኅንነት ጉዳይ ነው። ጠላት ይጠቀምበታል።» ወንድሜ፣ እኔም ሀገሬን እንደ አንተ እወዳለሁ። የጦር ሠፈርና የመሣሪያ ግምጃ ቤት ካርታ ይለጠፍ ያለ የለም፤ አዋጅ 590 ራሱ ይከለክላል። ግን የትኛው ጠላት ነው የ1፡50,000 ካርታችንን የሚጠብቀው? ጠላት ሳተላይት አለው፤ ሳተላይት ባይኖረው የሚገዛበት ብር አለው። ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካ ጦር ካርታ ሠሪዎች እዚሁ መጥተው ከኛ ሰዎች ጋር ሀገሪቱን በእግርና በአውሮፕላን ለክተዋል። እና ከማን ነው የምንደብቀው? ከውጪ ሰው አይደለም። የተደበቀው ከተማሪው፣ ከገበሬው፣ ከወረዳው መሐንዲስ ነው። ጠላት አይቶት ወገን ያላየው ምስጢር ምስጢር አይባልም።

«ግን እኮ መሥሪያ ቤቱ ገቢ ያስፈልገዋል።» እንግሊዞች እንዲህ ይሉ ነበር። ኦርድናንስ ሰርቬይ የተባለው የካርታ ድርጅታቸው በሕዝብ ስም የሠራውን ካርታ ለሕዝቡ ይሸጥ ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. ጋርዲያን ጋዜጣ «ዳታችንን ልቀቁ» ብሎ ዘመቻ ጀመረ፤ በሚያዝያ 2010 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ ብዙ ካርታዎቹን በነፃ ለቀቀ። ድርጅቱ ግን እስከ ዛሬ አለ፣ አልተዘጋም። የአሜሪካኖቹ ላንድሳት ሳተላይት አንድ ምስሉ 600 ዶላር ድረስ ይሸጥ ነበር። በተሸጠበት ጥሩ ዓመት የወጣው ምስል ወደ 25,000 ገደማ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ነፃ ሲሆን በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ወጣ። ያ ሁሉ ምስል ሲሸጥ የት ነበር? መዝገብ ቤት ተኝቶ ነበር። የኛም ካርታ እንደዚያው ተኝቷል። ከካውንተር ላይ ከሚሰበሰብ ሳንቲም ይልቅ ካርታው ያነሳው ሥራ ለሀገር የበለጠ ግብር ያስገባል።

የሥራን ነገር ካነሳን ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ጂኦግራፊ፣ ቅየሳ፣ ጂአይኤስ፣ ሃይድሮሎጂ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀን ቤት የተቀመጥን ስንት ነን? እኔም አንዱ ነኝ። «ሥራ ፍጠሩ» ይሉናል። በምን? የእርሻ ምክር የሚሰጥ መተግበሪያ ልሥራ ስል የአፈር ዳታ የለም። ለአነስተኛ መስኖ ጥናት ልሥራ ስል የወንዝ ፍሰት የለም። የዕቃ ማድረሻ ቢዝነስ ልጀምር ስል ይፋዊ የአስተዳደር ወሰን የማገኘው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለእርዳታ ሠራተኞች ካዘጋጀው ገጽ ላይ ነው። ጥሬ ዕቃ ተቆልፎበት ፋብሪካ ክፈት የሚባል ሰው አይተህ ታውቃለህ? እኛ ነን።

«ግን እኮ የወሰን ካርታ ከተለቀቀ ሕዝብ ይጋጫል።» ይሄኛው ከባዱ ነው፣ በቀልድ አላልፈውም። በሀገራችን በወሰን ጉዳይ ደም ፈስሷል። ግን ካርታው ተዘግቶ ሳለ ነው የፈሰሰው! ይፋዊው ሲዘጋ ሁሉም የየራሱን ይሥላል። አንዱ ፌስቡክ ላይ ያንተን ወረዳ ቆርሶ ወደራሱ ያስገባል፣ አንተም ተናደህ የሱን ትቆርሳለህ። ሁለቱም ሐሰት ናቸው፣ ሐሰቱን የሚያርም ግን የለም። ይፋዊ ካርታ መቼ እንደተሠራ፣ በምን እንደተሠራ፣ የትኛው መስመር ገና አከራካሪ እንደሆነ ጭምር ተጽፎበት ቢወጣ ክርክሩን አይዘጋውም፤ ግን ክርክሩ ከአንድ ወረቀት ይጀምራል። ሽማግሌም ሲያስታርቅ እኮ መጀመሪያ ሁለቱም የሚያዩት ነገር መሐል ላይ ያስቀምጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ አንድ ከቻይና ወደ ሕዋ ስትወጣ ሁላችንም ኮርተናል፣ እኔም ሼር አድርጌያለሁ። የተሠራችው ምድራችንን ከላይ እንድታነሳ ነበር፤ ለግብርናው፣ ለአየር ንብረቱ፣ ለደኑ። መቆጣጠሪያዋ እንጦጦ ነበር። ታዲያ ያነሳችውን ምስል ያየ አለ? ኩራት ሲሆን የሁላችን፣ ምስል ሲሆን የመሥሪያ ቤት መሆን የለበትም።

እንግዲህ ምን እንጠይቅ? ጥያቄያችን ግልጽና አጭር ነው።

አንደኛ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ካርታና ዳታ ሁሉ ክፍት ይሁን። የሚዘጋ ካለ ስሙና የተዘጋበት ምክንያት በዝርዝር ይውጣ።

ሁለተኛ፣ በየካርታው ላይ ማንም ምንጩን ጠቅሶ መጠቀም፣ መቅዳትና ማሰራጨት እንደሚችል የሚገልጽ ፈቃድ ይጻፍ። «ለሌላ አላስተላልፍም» የሚለው ፊርማ ይቅር።

ሦስተኛ፣ የደብዳቤ በር ይነሳ። የመረጃ መብት የተሰጠው ለ«ማንኛውም ሰው» ነው፣ ማኅተም ላለው ሰው አይደለም።

አራተኛ፣ ፓርላማው የቅጂ መብት አዋጁ ላይ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ሥራ የሕዝብ መሆኑን በማያሻማ አንቀጽ ያስገባ።

የሰው ስም፣ ስልክና የቤት ምስጢር ይከፈት አላልንም። ለዚያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 አለ፣ ይከበር። የምንጠይቀው የወንዙን፣ የአፈሩን፣ የዝናቡንና የተራራውን ነው።

እስከዚያው እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። አንተ ከዛሬ ጀምሮ ልታደርገው የምትችለውን ልንገርህ። የምትፈልገውን አንድ መረጃ ምረጥ፤ የወረዳህን ዝናብ ወይም የቀበሌህን ካርታ። አዋጅ 590/2000ን ጠቅሰህ በጽሑፍ ጠይቅ። የተቀበለህን ሰው ስምና ቀን መዝግብ። 30 ቀን ቁጠር። ከከለከሉህ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቅ፣ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤት በል፣ ከዚያ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሂድ። በትሕትና ጠይቅ፣ አትሳደብ። ካውንተሩ ላይ ያለችው እህታችን ጠላትህ አይደለችም፤ እሷም የተሰጣትን መመሪያ ነው የምትሠራው። የሰጧትን መመሪያ ነው መቀየር ያለብን። ያገኘኸውን መልስ፣ «አይሆንም» የሚለውንም ጭምር፣ ስም ሸፍነህ እዚህ ገጽ ላይ ላክልን። አንድ ሰው ቢጠይቅ ይረሳል፤ ከየወረዳው አንድ አንድ ሰው ቢጠይቅ ግን ዝም ሊሉት አይችሉም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

ሁለተኛ ሥራ አለህ። ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባል ማንም የሚሠራው፣ ማንም የሚጠቀምበት ካርታ አለ። በ2004 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ሀገር የተጀመረው ካርታቸው ተዘግቶባቸው በተማረሩ ሰዎች ነው። ስልክህን ይዘህ ሠፈርህን ግባበት። ጤና ጣቢያውን፣ ምንጩን፣ ድልድዩን፣ ትምህርት ቤቱን በአማርኛም በአካባቢው ቋንቋም በትክክለኛ ስሙ ጻፈው። ባዕድ በተሳሳተ ፊደል የጻፈውን የአያትህን መንደር ስም አንተ አርመው። ይሄም አርበኝነት ነው። ጥይት አይጠይቅም፣ ትንሽ ዳታ ፓኬጅ ብቻ።

ባንዲራ ማውለብለብ መልካም ነው። ግን ባንዲራው የሚውለበለብበትን መሬት በልኩ ማወቅ ከዚያ ይበልጣል። የማናውቀውን መሬት መጠበቅ አንችልም። መሬቱ የሕዝብ ነው ብላችሁናል፤ እንግዲያው ካርታውን ስጡን!

አንብበህ ዝም አትበል። ሼር አድርግ፣ ጥያቄህን ጻፍ፣ የጠየቅክበትን ቀን ኮሜንት ላይ አስቀምጥ። አብረን እንቆጥራለን።

#ካርታችን_ይከፈት